ሥራ የፈቱት ኮሮች
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር፤ ለዚህ መጽሔት ሲዘጋጅ በጥቂቱ ተስተካክሏል)



አዘጋጆቹ «ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ሙያችን ትንሽ አውሪልን» ሲሉኝ ብዙዎቻችሁ ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የማወራ መስሏችኋል። ጠዋት ቡና ላይ ሁለት ሰው «ሥራሽን ሊወስድብሽ ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። እሱን ለሚቀጥለው ዓመት ተናጋሪ ትቼዋለሁ። የእኔ ርዕስ ከዚያ በጣም ያነሰ የሚመስል ነገር ነው። በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ኮሮች ሁሉ እንዴት እንደሚጠቀምባቸው፣ ወይም እንዴት ሳይጠቀምባቸው እንደሚቀር።

ለምን ይኼን መረጥሽ ትሉኝ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ በአጀንዳው ላይ የስጦታ ጉዳይ አለ። ለማስተማሪያ ሆስፒታላችን የራዲዮሎጂ ክፍል አንድ ውድ የምስል ማንበቢያ ኮምፒውተር እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ግን ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት እዚያ ያሉት ኮምፒውተሮች በሙሉ ጉልበታቸው እየሠሩ እንደሆነ እንይ ነው የምለው። እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም። ራዲዮሎጂስት ነኝ። በምሠራበት ሆስፒታል የምስል ሥርዓት ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ ከኢንጂነሮች ጋር ብዙ ምሽት ተቀምጬአለሁ፤ የምነግራችሁም ከዚያ የለቀምኩትን ነው።

እኛ ተማሪ በነበርንበት ጊዜ ፊልም ማለት ፊልም ነበር፤ መስኮት ላይ ወደ ብርሃን አንስተን ነበር የምናየው። ዛሬ ሲቲ ስካን በብራውዘር ይታያል። ሊንክ ይላክላችኋል፣ ትከፍታላችሁ፣ ምስሉ ይመጣል። ምንም የሚጫን ፕሮግራም የለም። ኦኤችአይኤፍ የሚባለው ክፍት ምንጭ ማሳያና ከሥሩ ያለው ኮርነርስቶን የሚባለው የፕሮግራም ስብስብ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ናቸው፤ ነጻ ስለሆኑም አቅም የሌለው ሆስፒታል ሊጠቀምባቸው ይችላል። ለእኛ አገር ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ምስሉ ከባድ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ የሲቲ ስላይስ አብዛኛውን ጊዜ 512 በ512 ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ስላይስ ግማሽ ሜጋባይት ነው። የደረትና የሆድ ምርመራ በቀጭኑ ከተቆረጠ 600 ስላይስ ቢሆን አይገርምም፤ ይኼ 300 ሜጋባይት ነው። በኔትወርክ የሚመጣው ግን ተጨምቆ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጄፔግ 2000። ስለዚህ ብራውዘሩ እያንዳንዱን ስላይስ መፍታት አለበት። ከዚያ በኋላ እኛ ደግሞ በጎን፣ በፊት ለፊት፣ በሦስት አቅጣጫ አዙረን ማየት እንፈልጋለን። ይኼ ሁሉ ስሌት ነው።

ይኼን ስሌት የሚሠራው ማነው? ብራውዘር ድሮ የሚያውቀው ጃቫስክሪፕትን ብቻ ነበር። አሁን ግን በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ የቆየና የተፈተነ ፕሮግራም ወስዶ ዌብአሴምብሊ ወደሚባል ቅርጽ ኮምፓይል ማድረግ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 አራቱም ታላላቅ ብራውዘሮች ተቀበሉት፤ በታኅሣሥ 2019 ደግሞ የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ በይፋ አጸደቀው። ጄፔግ 2000ን የሚፈታው ኦፕንጄፔግ የሚባለው ፕሮግራም ቤልጂየም ውስጥ፣ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ የሲ ፕሮግራም ነው። ዛሬ ያው ፕሮግራም ተቀይሮ በየብራውዘሩ ውስጥ የሲቲ ምስል ይፈታል። ማንም እንደገና አልጻፈውም። ይኼ ለእኔ እስካሁን ይደንቀኛል።

አሁን ወደ ጉዳያችን። በየሆስፒታሉ ያሉት ተራ ኮምፒውተሮች እንኳ ዛሬ አራት ኮር አላቸው። ኮር ማለት ራሱን ችሎ የሚያስብ አንድ ጭንቅላት በሉት። አንድ ፕሮግራም እንዲሁ ከተጻፈ የሚሄደው በአንድ ክር፣ እነሱ ትሬድ በሚሉት፣ ብቻ ነው። አንድ ትሬድ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኮር በላይ አይጠቀምም። 600 ስላይስ አንዱ ኮር ላይ ይሰለፋል፤ ሦስቱ ቁጭ ብለው ያያሉ። የተመላላሽ ክፍላችንን አስታወሳችሁ? አራት ክፍል፣ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ሐኪም። መልቲትሬዲንግ ማለት ሥራውን በብዙ ክር ከፍሎ አራቱንም ማሠራት ነው።

በብራውዘር ውስጥ ግን ይኼ ነገር የራሱ ጣጣ አለው። ብራውዘር ረዳት ሠራተኞች ይሰጣል፤ ስማቸውም ዎርከር ነው። ችግሩ፣ ዎርከሮቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ክፍል ተዘግተው ነው የሚሠሩት። አንዱ የሌላውን ሜሞሪ አያይም። የሚነጋገሩት ወረቀት በበር ሥር እያሳለፉ ነው።

የዋርድ ራውንድን ምሳሌ ልጠቀም። አንድ በሽተኛ፣ አንድ ቻርት፣ አራት ኢንተርን። በመጀመሪያው ዘዴ ለእያንዳንዱ ኢንተርን የቻርቱ ኮፒ ይሰጠዋል። የራሱን ሠርቶ ይመልሳል። ማንም የማንንም ጽሑፍ አያበላሽም። ግን ኮፒ ማድረጉ ራሱ ሥራ ነው፤ 300 ሜጋባይቱን ሙሉውን ለአራት ሰው ብትገለብጡት 1.2 ጊጋባይት ሆነ፤ ያውም ዋናውን ሳንቆጥር። ለደካማ ኮምፒውተር ይኼ መርዶ ነው። ኮፒ ሳታደርጉ ቻርቱን ራሱን አሳልፋችሁ መስጠትም ትችላላችሁ፤ ያኔ ግን የሰጠው ሰው እጁ ባዶ ይቀራል፣ እስኪመለስለት ምንም አያይም። በሁለተኛው ዘዴ አንዱ ቻርት መሐል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ አራቱም ዙሪያውን ቆመው እያንዳንዱ የራሱን ገጽ ይሞላል። ይኼ ነው የጋራ ሜሞሪ። በብራውዘር ቋንቋ ስሙ ሼርድ አሬይ በፈር ይባላል። በሲ የተጻፉ የድሮ ፕሮግራሞች ብዙ ትሬድ ሲጠቀሙ የሚገምቱት እንዲህ ዓይነቱን የጋራ ጠረጴዛ ነው። ኤምስክሪፕተን የሚባለው ኮምፓይለርም ፒትሬድ የሚል አንድ ትእዛዝ ሲሰጠው እያንዳንዱን ትሬድ አንድ ዎርከር ላይ ያስቀምጥና ሁሉንም አንድ ሜሞሪ ያጋራቸዋል።

የጋራ ቻርት ግን ምን እንደሚያመጣ እኛ ከፕሮግራመሮቹ በፊት እናውቃለን። የበሽተኛው ፖታሺየም 2.6 ሆኖ መጣ እንበል። አንደኛው ኢንተርን ቻርቱን ያያል፤ የታዘዘ የለም። ሁለተኛውም በዚያው ደቂቃ ያያል፤ የታዘዘ የለም። ሁለቱም ይጽፋሉ። ነቃ ያለች ነርስ ካልያዘችው በሽተኛው እጥፍ ሊወስድ ነው። ሁለቱንም ለየብቻ ብትጠይቋቸው አላጠፉም። ያጠፋችው በማየትና በመጻፍ መካከል ያለችው ክፍተት ናት። በፕሮግራም ውስጥም ልክ እንዲሁ ነው። አንዱ ዎርከር «ስንት ስላይስ ተፈታ?» ብሎ ያነባል፤ 41። ሌላውም ያነባል፤ 41። ሁለቱም አንድ ጨምረው 42 ይጽፋሉ። ሁለት ስላይስ ተፈቶ አንድ ተቆጠረ። መድኃኒቱ አቶሚክ የሚባለው አሠራር ነው። ማንበብ፣ መጨመርና መጻፍ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ መሐላቸው ማንም አይገባም። ወይም ቁልፍ ይደረጋል፤ ቁልፉን የያዘ ብቻ ይጽፋል፣ ሌላው ይጠብቃል። ቁልፍ ሲበዛ ደግሞ ሌላ በሽታ አለ። አንዱ ቻርቱን ይዞ እስክሪብቶ ይጠብቃል፤ ሌላው እስክሪብቶ ይዞ ቻርቱን ይጠብቃል። ሁለቱም እዚያው ይነጋባቸዋል። ተረኛ ክፍል ውስጥ እንዲህ የተጣሉ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ ስም አልጠራም።

አንድ ሌላ የብራውዘር ጠባይ አለ። ከትሬዶቹ ሁሉ አንዱ ዋና ነው። የማውስ ክሊክ የሚቀበለው፣ ስክሪኑን የሚስለው እሱ ነው። የዋርዱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው ሲስተር ማለት ነው። ደወል ሲጮህ የምትሰማው እሷ ናት። እሷን «ላቦራቶሪ ሂጂና ውጤቱ እስኪወጣ ቆመሽ ጠብቂ» ብትሏት ዋርዱ ይደነዝዛል፤ ደወል የሚሰማ የለም። ብራውዘሮችም ይኼን ስለሚያውቁ ዋናው ትሬድ ተኝቶ እንዲጠብቅ አይፈቅዱለትም። ከሌላ ዓለም የመጣው የሲ ፕሮግራም ግን መጠበቅ ለምዷል። ስለዚህ ኤምስክሪፕተን መላ ያበጃል። ዋናው ትሬድ መተኛት ስለማይችል «ደረሰ? ደረሰ?» እያለ በዙር ይጠይቃል። ይኼም ስክሪኑን ያደነዝዛል። የሚሻለው ፕሮግራሙን በሙሉ፣ ዋናውን ክፍል ጨምሮ፣ ወደ ዎርከር ማዛወርና ሲስተርን ለደወሉ ብቻ መተው ነው። ዎርከሮቹንም አስቀድሞ ጠርቶ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ በሥራ መሐል «ሰው ጥሩልኝ» ከተባለ፣ ዋናው ትሬድ እጁ እስኪፈታ አዲሱ ዎርከር ሥራ አይጀምርም። በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ አንስቴዢያ ፍለጋ እንደ መሄድ ነው።

እስካሁን ያልኩት የኢንጂነሮች ጉዳይ ይመስላል። አሁን የምናገረው ግን የእኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ስፔክተር የሚባል የፕሮሰሰር ድክመት ይፋ ሆነ። በዚያው ወር ብራውዘሮቹ የጋራ ሜሞሪን ዘጉት። ለምን? የካርድ ክፍላችንን አስቡ። ካርድ አውጪው ጎበዝ ነው እንበል፤ ገና ስትጠይቁት፣ ፈቃዳችሁን ሳያጣራ፣ እጁ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ያኖርና «ፈቃድ የለህም፣ አልሰጥህም» ይላል። ካርዱን አላያችሁም። ግን ቀጥላችሁ ሌላ ነገር ትጠይቁታላችሁ፣ ሰዓትም ትይዛላችሁ። ቶሎ ካመጣው ነገሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር ማለት ነው፤ ከዘገየ ከመደርደሪያ አመጣው። በፍጥነቱ ብቻ ውስጥ ያለውን ምስጢር ቀስ በቀስ ትገምታላችሁ። ፕሮሰሰርም እንዲሁ ለመፍጠን ሲል ሳይፈቀድለት አስቀድሞ ያነባል፤ ያነበበውም ካሽ በሚባለው ጠረጴዛ ላይ ዱካ ይተዋል። ይኼን ለማንበብ የሚያስፈልገው በጣም ረቂቅ ሰዓት ነው።

የጋራ ሜሞሪ ደግሞ ሰዓት ይሠራል። አንዱ ዎርከር ምንም ሳይሠራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ የጋራው ቻርት ላይ ይቆጥራል፤ ሌላው ቁጥሩን እያነበበ ይለካል። ብራውዘሮች የራሳቸውን ሰዓት ሆን ብለው ሻካራ ቢያደርጉትም ይኼኛው ሰዓት ግን ይቀራል። ስለዚህ አንድ ተንኮለኛ ገጽ ከጎኑ የተከፈተውን የሌላ ገጽ ሜሞሪ ሊሰልል ይችላል። ከጎኑ የተከፈተው የበሽተኛ ምስል ቢሆንስ?

መፍትሔው የጋራ ሜሞሪን ለዘላለም መከልከል አልነበረም፤ ገጹን ለብቻው ማግለል ነበር። ዛሬ የጋራ ሜሞሪ የሚፈልግ ገጽ ሰርቨሩ ሁለት መስመር እንዲልክ ይጠበቅበታል። አንደኛው «ከእኔ ቤት ካልሆነ ገጽ ጋር ክፍል አልጋራም» የሚል ነው፤ ክሮስ ኦሪጅን ኦፕነር ፖሊሲ ይሉታል። ሁለተኛው «ከሌላ ቦታ የሚመጣ ማንኛውም ነገር ፈቃዱን ካልሰጠ አላስገባም» የሚል ነው፤ ክሮስ ኦሪጅን ኢምቤደር ፖሊሲ። እነዚህን ሲያይ ብራውዘሩ ገጹን ለብቻው ያስቀምጠዋል፣ የጋራ ሜሞሪውንም ይፈቅዳል። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2020 በ79ኛው እትሙ፣ ሳፋሪ በ2021 መጨረሻ በዚህ መንገድ ከፈቱት። ክሮም ትሬዶቹን በ2019 ቀድሞ ፈቅዶ ነበር፤ በ2021 ደግሞ በኮምፒውተር ላይ ያንኑ ማግለል ግዴታ አደረገው። ለይቶ ማቆያ ክፍል ማለት ነው፤ ለእኛ አዲስ አይደለም።

አንድ ሦስተኛ ሁኔታም አለ፤ ብዙ ሆስፒታል የሚወድቀው እዚህ ነው። ግንኙነቱ የተመሰጠረ፣ ማለትም ኤችቲቲፒኤስ፣ መሆን አለበት። ብራውዘሩ ከዚህ ደንብ የሚምረው ፕሮግራሙ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት፣ ሎካልሆስት በሚባለው አድራሻ፣ ብቻ ነው።

እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። አዲሱ ማሳያ ሲመጣ ኢንጂነሩ በላፕቶፑ ላይ አሳየን። የሆድ ሲቲ ከፈተ፤ ምስሉ ቦግ ብሎ መጣ፤ አሽከረከረው። አጨበጨብን። ከዚያ በሆስፒታሉ የውስጥ ኔትወርክ ላይ ተጫነ፤ ከንባብ ክፍላችን ሲከፈት ያው ፕሮግራም አዝጋሚ ሆነ። ስላይሶቹ እንደ ጠብታ ነበር የሚመጡት። ሁሉም ሰው የየራሱን ምርመራ ሰጠ። አስተዳደሩ «ኔትወርኩ ነው» አለ። እኛ «ኮምፒውተሮቹ አርጅተዋል» አልን፤ ለአዲስ ኮምፒውተርም ጥያቄ ተጻፈ። አንዱ ሲኒየራችን «ድሮም ፊልም ይሻል ነበር» አሉ።

በዚያ ሰሞን አንድ ሌሊት ከመኪና አደጋ የመጣ ወጣት የጭንቅላት ሲቲ ተነሣ። ኤፒዱራል ሄማቶማ ነበር፤ አክሲያሉን ሳይ ግልጽ ነው። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ስልክ ላይ ሆኖ «በኮሮናል ስንት ነው? ወደ ታች የት ድረስ ይሄዳል?» ይለኛል። እኔ ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረውን ክብ አያለሁ። «ትንሽ ጠብቀኝ» አልኩት። ደግሜ «ትንሽ» አልኩት። በመጨረሻ «እኔ አልጠብቅም፣ ባየሽው እገባለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ልክ ነበር፤ ልጁም ዳነ። ግን ባየሁት ብቻ መግባት ያልነበረበት ሰው ነው በከፊል መረጃ የገባው። ያ «ትንሽ ጠብቀኝ» እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴው ላይ ነገሩን ካላወቅን አንነሣም አልኩ።

ነገሩ ተገኘ። የውስጥ ኔትወርኩ አድራሻ ያለ ምስጠራ፣ በተራ ኤችቲቲፒ ነበር የሚከፈተው። ሁለቱ መስመሮች ቢላኩም ብራውዘሩ በዚያ ግንኙነት ላይ አይቀበላቸውም። ስለዚህ ገጹ አልተገለለም፣ የጋራ ሜሞሪው አልተፈቀደም፣ ፕሮግራሙም በጨዋ ደንብ ወደ አንድ ትሬድ ተመለሰ። ቀይ ጽሑፍ የለም፤ ማስጠንቀቂያ የለም። ዝም ብሎ በሩብ ጉልበቱ መሥራት ቀጠለ። የኢንጂነሩ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ በሎካልሆስት ስለነበር ሁሉም ተፈቅዶለት ነበር። የተተከለው መድኃኒት አንድ የምስጠራ ሰርተፍኬትና የሰርቨር ማስተካከያ ነው። አዲስ ኮምፒውተር አልተገዛም። በእርግጥ ሌላ ነገር ተሰበረ፤ በሌላ መስኮት ይከፈት የነበረው የመግቢያ ገጽ ከዋናው ገጽ ጋር መነጋገር አቃተው፤ ማግለል ማለት ይኼው ነዋ። እሱን ለማስተካከል ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ዝም ብሎ መውረድ የሚባለው ነገር እኔን ያናድደኛል። ኦክስጅን ሲወርድ ሞኒተር ይጮሃል። የሕክምና ፕሮግራምም ወደ አንድ ትሬድ ሲወርድ በስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ጽሑፍ ሊያሳይ ይገባዋል። ከሻጭ ጋር ስትዋዋሉ ይኼን በጽሑፍ ጠይቁ።

እንግዲህ ብዙ ትሬድ ተአምር ነው እንዳትሉ። አሥር አዋላጅ ቢሰበሰብ ምጥ አያጥርም። አንድ ሥራ 10 ደቂቃ ይፈጃል እንበል፤ 8ቱ ደቂቃ ሊከፋፈል የሚችል፣ 2ቱ ደቂቃ ግን የግድ ተራ በተራ የሚሠራ ነው። አራት ኮር ብትሰጡት 8ቱ ወደ 2 ይወርዳል፤ ድምሩ 4 ደቂቃ ሆነ። አራት እጥፍ ሳይሆን ሁለት እጥፍ ተኩል ነው የፈጠነው። ሺህ ኮር ብትሰጡትም ከ2 ደቂቃ አይወርድም። ጂን አምዳል የሚባል ሰው ይኼን እ.ኤ.አ. በ1967 ተናግሮታል፤ የአምዳል ሕግ ይሉታል። ኢንተርኔቱ ራሱ ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ትሬድ አይረዳችሁም፤ ያልመጣ ስላይስ አይፈታም። ሜሞሪም ወሰን አለው፤ በተለመደው ባለ 32 ቢት ዌብአሴምብሊ አንድ ሜሞሪ ከ4 ጊጋባይት አያልፍም።

ከፍጥነቱ በላይ የሚያሳስበኝ ትክክለኛነቱ ነው። የትሬድ ስህተት እንደ ወባ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ስትመረምሩት ትኩሳቱ የለም። መቶ ጊዜ ትክክል ሠርቶ በመቶ አንደኛው ሊሳሳት ይችላል፤ ምክንያቱም የትኛው ትሬድ ቀድሞ እንደሚደርስ በየጊዜው ይለያያል። ሁለት ነገር በተግባር አይቻለሁ። አንደኛው፣ ምስሉ እየተጫነ ሳለ ማሳያው ያልደረሱትን ስላይሶች ጥቁር አድርጎ ያሳያል፤ የጋራ ሜሞሪ ስለሆነ ዋናው ትሬድ ገና እየተጻፈ ያለውን ያያል። አዲስ ሬዚደንት «ምርመራው እዚህ ላይ ነው ያለቀው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ስንት ስላይስ ከስንት እንደደረሰ የሚያሳይ ቁጥር የግድ ነው። ሁለተኛው፣ የመድማቱን መጠን በሚሊ ሊትር የሚለካ መሣሪያ አንዱን ምርመራ ሁለት ጊዜ ስንለካ የመጨረሻዋ አሃዝ ተለያየች። ደነገጥን። ኢንጂነሩ ሲያስረዳን የነጥብ ቁጥሮች በተለያየ ቅደም ተከተል ሲደመሩ በመጠጋጋት ምክንያት ትንሽ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ትሬዶቹ የደመሩትን ያስረከቡበት ቅደም ተከተል በየጊዜው ስለሚለያይ ነው። ይኼ ጉዳት የሌለው ልዩነት ነው። ግን ጉዳት የሌለውን ካለው የምትለዩት አስቀድማችሁ ከፈተናችሁ ብቻ ነው። እኛ አሁን አዲስ እትም ሲመጣ ተመሳሳይ ምርመራዎችን አንዴ በአንድ ትሬድ፣ አንዴ በአራት እናስኬዳለን፤ ምስሉ አንድ ካልሆነ፣ ወይም ልኬቱ አስቀድመን ከተስማማንበት ወሰን ከወጣ አንቀበልም። ሻጩ አልወደደውም። አይውደደው።

ወደ ስጦታው ልመለስ። ሐሳቤ ይኼ ነው፤ ለኮምፒውተር ከተመደበው ላይ ትንሽ ቀንሰን አንድ ጎበዝ ኢንጂነር ለጥቂት ሳምንት ሆስፒታሉ ውስጥ እናስቀምጥ። ሰርቨሩን ይይ፣ ሰርተፍኬቱን ያስተካክል፣ ፈተናውን ያዘጋጅ፣ ሬዚደንቶቹን ያሠልጥን። ከዚያ በኋላም ኮምፒውተሮቹ ካልቻሉ እንግዛ፤ እኔም የድርሻዬን አወጣለሁ። ግን ሦስት ኮሩ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ኮምፒውተር አጠገብ ስምንት ኮር ያለው ብናስቀምጥ ሰባቱ ሥራ ይፈታሉ።

ከኢንጂነሩ በፊት ደግሞ ራሳችሁ ልትሠሩት የምትችሉት አለ። ሰኞ ሥራ ስትገቡ የምስል ማሳያችሁን ክፈቱ። ኤፍ 12ን ተጫኑ፤ ኮንሶል የሚል ቦታ ይመጣል። እዚያ ላይ ክሮስ ኦሪጅን አይሶሌትድ የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ ቃላቱን ሳትለያዩ፣ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ቃል መነሻ ትልቅ ፊደል አድርጋችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ትሩ ካለ ገጹ ተገልሏል፣ የጋራ ሜሞሪውም ተፈቅዷል። ፎልስ ካለ በሩ ተዘግቷል። ያኔ አይቲ ክፍላችሁን «አድራሻችን ኤችቲቲፒኤስ ነው ወይ? ሁለቱ መስመሮችስ ይላካሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማሳያችሁ በጋራ ሜሞሪ የሚሠራ ላይሆንም ይችላል፤ እሱንም ሻጩን ጠይቁት።

ላፕቶፔን ይዤ መጥቻለሁ። ከምሳ በኋላ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ አንድ ሲቲ በአንድ ትሬድም በአራትም ከፍቼ አሳያችኋለሁ፤ የስጦታው ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ኑ።